አራት ስም ያለው ውሻ፣ አራት ፎቶ የቀራት ካሜራ

ተረት ተረት!

በሉ እንጂ! «የውሻ ደረት!» በሉኝ። ጮክ ብላችሁ! እንደሱ። ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ ውሻ ነው የማወራችሁ፣ ስለሚልመጠመጥ አይደለም። መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ሰው ካለ እተወዋለሁ፤ እምላለሁ እተወዋለሁ!

ድሮ ነው። ካሜራ አፍ በነበራት ጊዜ፣ ድንጋይ እንኳን ሲረግጡት መልስ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ኮረብታ ላይ የተቆለለች አንዲት ከተማ ነበረች። በዚች ከተማ ውስጥ ሸማኔ ሰፈር የሚባል ሰፈር ነበር። በሸማኔ ሰፈር አንድ ውሻ ነበር። ቀለሙ ቡላ፣ ግራ ጆሮው የተቦጨቀ፣ ደረቱ ሰፊ።

የማን ውሻ ነው? ነገሩ ሁሉ እኮ እዚህ ላይ ነው!

ሸማኔው ጋሽ ውብሸት ከምሳቸው ቆርሰው ሲጥሉለት «መከታ» ይሉታል። ጠላ ሻጯ እትዬ ዘርፌ ትርፍራፊ ሲሰጡት «ምን ይሉኝ» ይሉታል፣ ጎረቤት እንዲሰማ። ሥጋ ሻጩ ባልቻ አጥንት ሲወረውርለት «ኮሎኔል» ይለዋል። ልጆቹ «ቡቺ» ይሉታል። አራት ስም! እሱም ለአራቱም ጭራውን ይቆላል። ታዲያ ጋሽ ውብሸት የእትዬ ዘርፌ ውሻ ይመስላቸዋል። እትዬ ዘርፌ የባልቻ ይመስላቸዋል። ባልቻ ደግሞ ከልጆቹ ቤት የአንዱ ይመስለዋል። ሁሉም ያበላዋል፣ «የኔ ነው» ያለው ግን አንድም ሰው የለም። ሌባ ሲመጣስ የማንን ሌባ ነው የሚነክሰው? የሁሉንም! ይሄ አያናድድም?

እኔ መከታ ነው የምለው። እናንተም መከታ በሉት።

አንድ ማክሰኞ አዋጅ ነጋሪ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ።

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ እሁድ ከወንዙ ማዶ፣ ጅብ አገር ይሻገራል! የውሻው ሁሉ ፎቶ አደባባዩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ! ፎቶውን አይቶ ‹የኔ ነው› የሚል ሰው የተገኘለት ይቀራል፣ ያልተገኘለት ይሄዳል!»

መከታ ሰማ። ጅብ አገር ሲባል የጀርባው ፀጉር ቆመ። አባቱ ወንዙን ተሻግሮ አልተመለሰም። ግን አላለቀሰም፣ እግር ስርም አልወደቀም። ቀጥ ብሎ ፎቶ አንሺው በድሉ ጋ ሄደ።

በድሉ መንገድ ዳር ኪዮስክ ያለው ልጅ ነው። ክረምቱን ሙሉ መከታ በሩ ላይ ተኝቶ ኪዮስኩን ጠብቆለታል።

«አንተ ‹የኔ ነው› ብትል ምን አለበት?» አለው መከታ።

«ወንድሜ፣ አከራዬን ታውቃታለህ አይደል? እንኳን ውሻ፣ ዝንብ ይዤ ብገባ ታስወጣኛለች። ግን ፎቶ አነሳሃለሁ። በነፃ!»

ካሜራዋ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ ሳቀች። አሮጌ ናት፣ ግን ጉራዋ!

«ሆዴ ውስጥ የቀረው ፊልም አራት ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው» አለች። «አራት! አምስተኛ የለም። ቦታውን ደግሞ የምመርጠው እኔ ነኝ። ፎቶ ማለት ቦታ ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። የት ነው ታዲያ?» አለ በድሉ።

«መስታወት ፎቁ ጋ! አገር ምድሩ የሚያየው እሱን ነው።»

ረቡዕ መስታወት ፎቁ ጋ ሄዱ። ስንት ሰዓት? ስድስት ሰዓት! ጠራራ ፀሐይ ላይ! እስቲ አሁን ጤነኛ ሰው በስድስት ሰዓት ፎቶ ያነሳል?

«ማነው ይሄ አቧራ?» አለ ፎቁ። «እንዳትጠጋኝ፣ ትናንት ነው የታጠብኩት።»

መከታ መልስ ሊሰጠው ዞር ሲል፣ መስታወቱ ውስጥ አንድ ውሻ ቆሟል። ቡላ! ጆሮው የተቦጨቀ!

«ማነህ አንተ?» አለ መከታ።

ዝም።

«ማነህ ነው የምልህ!»

ያኛውም ጥርሱን አወጣ። በቃ፣ ተያያዙ! ቀጭ! አለች ካሜራዋ። ፀሐይ ደግሞ ከላይ ሆና «አናቱን ነጭ አድርጌዋለሁ፣ ዓይኑን አጥፍቼዋለሁ» ብላ ትኮራለች። ምን እንደሚያኮራት እንጃ።

ካሜራዋ ያነሳችውን ሆዷ ውስጥ ታየዋለች፣ ፊልሙ እስኪታጠብ አትጠብቅም። «ተበላሸ» አለች። «ከራሱ ጋር የሚጣላ ውሻ ነው የሚታየው። ሦስት ቀረኝ።»

ሐሙስ ወደ ድንጋዩ አንበሳ ሄዱ። አደባባይ መሃል ላይ የተቀመጠ፣ ትልቅ፣ ሙሽራ ሁሉ ስሩ ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት አንበሳ ነው። ዙሪያውን መኪና ይጋፋል።

«ና፣ እግሬ ስር ቁም» አለ አንበሳው። «ወደ ግራ። አሁን ጭራዬን ከለልክብኝ። ወደ ቀኝ። ለመሆኑ ማን ትባላለህ?»

«መከታ።»

«የማን መከታ?»

«የሰፈሬ።»

«ሃ! እኔ የአገር መከታ ነኝ።»

«ከተቀመጥክበት ተነስተህ ታውቃለህ?» አለ መከታ።

  ግን መከታ ገና ሳይስቅ አንድ አውቶቡስ ከኋላው ጥሩምባውን ለቀቀበት። ጆሮው ተለጠፈ፣ ጭራው እግሩ መሃል ገባ። ቀጭ!

«ተበላሸ» አለች ካሜራዋ። «ትልቅ አንበሳ፣ እግሩ ስር የደነገጠች ድመት። ሁለት ቀረኝ።»

«አንቺ ነሽ የመረጥሽው!» አለ መከታ ደሙ ፈልቶ።

«እሺ፣ አሁን ስማኝ» አለች። «የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ኩራትህ ነው። ነገ ቤተክርስቲያን ደጅ ጥግ ላይ ትተኛለህ። አንገትህን መሬት ላይ ታደርጋለህ። ዓይንህን ታንከራትታለህ። ሰው ሲያሳዝነው ነው የሚወስደው።»

መከታ ሊነክሳት ምንም አልቀረውም። ግን እሁድ ቀርቧል። ወንዙ ትዝ አለው፣ አባቱ ትዝ አለው። «እሺ» አለ። አዎ፣ እሺ አለ! ፈርቶ ነው። እናንተስ ብትሆኑ?

ዓርብ ደጀ ሰላሙ ጥግ፣ አፈር ላይ ተኛ። አንገቱን ዘረጋ። ደረቱ ከስሩ ጠፋ። ሰው ያልፋል፣ «ውይ ምስኪን» ይላል፣ ያልፋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ማን መጣ? ባልቻ! ዓርብ ጾም ስለሆነ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ሊሳለም መጥቷል። መከታ ልቡ ዘለለ። አሁን ኮሎኔል ይለኛል፣ አሁን ይቆጣል፣ አሁን ተነስ ይለኛል ብሎ ጠበቀ።

ባልቻ ቆመ። አየው። ራሱን ነቀነቀ።

«ምስኪን! የማን ይሆን?» አለና ተሻግሮት ሄደ።

ቀጭ! አለች ካሜራዋ። «ይሄ ነው! አንጀት ይበላል! እንለጥፈው!»

መከታ አፈሩን አራግፎ ብድግ አለ።

«አይለጠፍም!»

«ተው እንጂ ወንድሜ» አለ በድሉ። «ጥሩ ነው እኮ። ሊወስድህ የሚችል ሰው...»

«አይለጠፍም አልኩ! በየቀኑ አጥንት የሚሰጠኝ ሰው አላወቀኝም! በዚህ ፎቶ ከምቀር ጅቡ በቁሜ ይብላኝ!»

ካሜራዋ «አንድ ቀረኝ» ብቻ አለች።

ተናዶ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። በድሉ ከኋላው ይሮጣል። ሸማኔ ሰፈርን ከዋናው መንገድ የሚያገናኘው አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ሃያ ሁለት እርከን ነው፣ ግማሹ የተሰነጠቀ። መከታ ዘሎ ወጣበት።

«አይ! ቀስ!» አለ ደረጃው። «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትረግጠኝ ልጄ?»

«ይቅርታ አባባ። እሁድ ልሻገር ነው። አንድ ፎቶ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ቦታ ደግሞ አጣሁ።»

«ሰዉ ጠዋት ሲወርድ አንተ የት ነው የምትቆመው?»

«እዚሁ ነዋ። ሰባተኛው ላይ። አንድ በአንድ እሸኛቸዋለሁ።»

«ነገም እዛው ቁም።»

ካሜራዋ ጮኸች። «እዚህ? እዚህ ስንጥቅ ላይ? ሽንት ሽንት የሚሸት!»

«ሽንቱ የኔ ነው!» አለ መከታ ቀና ብሎ።

ደረጃው ሳቀ። «ስሚ እሜቴ፣ እኔ ፊልም የለኝም፣ ግን ስንት ዘመን ሰውን ከስር ሆኜ አይቻለሁ። ጠዋት ፀሐይ እኔ ላይ በጎን ነው የምትመጣው፣ ዓይን አትወጋም። መኪና አይወጣብኝ፣ ጥሩምባ አይደርስብኝ። ከኋላው የጋሽ ውብሸት ሰማያዊ በር ብቻ ነው፣ የሚሻማው ነገር የለም። አንተ ልጅ ደግሞ፣ በድሉ፣ ቆመህ ከላይ ታነሳዋለህ፣ ለዛ ነው የሚያንሰው። ነገ ሦስት እርከን ከስሩ ወርደህ በሆድህ ተኛ።»

«ሱሪዬስ?» አለ በድሉ።

«ሱሪ ይታጠባል» አለ መከታ። «ጅብ የበላው አይታጠብም።»

ቅዳሜ በማለዳ በድሉ በሆዱ ተኛ። መከታ ሰባተኛው ላይ ቆመ። ቁም ያለው የለም፣ ወዲህ እይ ያለው የለም። የገበያ ቀን ነው። ጋሽ ውብሸት ጋቢያቸውን ጠቅልለው ወረዱ፣ «መከታ፣ ደህና አደርክ?» አሉት። እሳቸው ካለፉ በኋላ እትዬ ዘርፌ ጌሾ ሊገዙ ወረዱ። ቆይተው ልጆቹ ኳሳቸውን እያነጠሩ መጡ። መከታ ሁሉንም አየ፣ ሁሉንም ሸኘ። የመጨረሻው ሰው መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ ደረቱን ወደፊት፣ ጆሮውን ወደ ላይ አድርጎ ተከተለው፣ በዓይኑ። የተቦጨቀችው ጆሮው ላይ ፀሐይ አረፈች።

ቀጭ።

ካሜራዋ «ተበላሸ» አላለችም።

«ምን ሆንሽ? ተበላሸ?» አለ በድሉ።

«ዝም በሉኝ» አለች። «እያየሁት ነው።»

እሁድ ግድግዳው ላይ አርባ ፎቶ ተለጠፈ። ፎቅ ፊት የቆመ ውሻ፣ ፏፏቴ ስር የቆመ ውሻ፣ የሰው መኪና ላይ የወጣ ውሻ! ሰዉ እያየ «አቤት ፎቅ! አቤት መኪና!» ይላል። ውሻውን ማን አየው? አዋጁን ያስነገረው ሹም ዱላውን ይዞ ቆሟል። ውሾቹ በገመድ ታስረው፣ መከታም ከነሱ ጋር፣ ከግድግዳው ጀርባ ይጠብቃሉ።

የሸማኔ ሰፈር ሰዎች ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ በዛ በኩል አለፉ። ጋሽ ውብሸት ቆሙ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ ደረጃ የኛ ደረጃ አይደለም እንዴ? ይሄም የኔ በር ነው!» ዓይናቸው ወረደ። «ውይ! መከታ!»

«የምን መከታ ነው?» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ምን ይሉኝ ነው እንጂ!»

«ኮሎኔል ነው!» አለ ባልቻ። «እትዬ፣ የእርስዎ ውሻ አይደለም እንዴ?»

«ምን የኔ፣ ያንተ መስሎኝ!»

«ቡቺ! ቡቺ!» አሉ ልጆቹ።

ሹሙ ዱላውን ወዘወዘ። «አንድ ውሻ አራት ስም? ልታጭበረብሩ ነው? የማን ነው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እስካሁን የማንም እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። አፈሩ!

«የማንም አይደለም ማለት ነው» አለ ሹሙ። «ወደ ወንዙ ውሰዱት!»

ከግድግዳው ጀርባ አወጡት፣ ገመዱ ተጎተተ። መከታ አራት እግሩን ተክሎ ቆመ።

«እኔ አልለምንም» አለ። «ለምኜም አይቻለሁ፣ አያምርብኝም። ስትወርዱ ሸኝቻችኋለሁ፣ ስትመለሱ ተቀብያችኋለሁ። አሁን እናንተ ተናገሩ።»

ባልቻ ፎቶውን ደግሞ አየ። ዓርብ «ምስኪን» ብሎ የተሻገረው ውሻ ትዝ አለው፣ ጆሮው ትዝ አለው።  ገፍቶ ገብቶ ገመዱን ያዘ።

«የኔ ነው!» አለ።

«ዞር በል!» አሉ እትዬ ዘርፌ። «የኔ ነው!»

«በማን በር ፊት ነው የቆመው?» አሉ ጋሽ ውብሸት። «የኔ ነው!»

«የኛ ነው!» አሉ ልጆቹ።

«አንድ ሰው ይበቃል!» ብሎ ጮኸ ሹሙ።

«አይበቃም!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

ሹሙ ከጩኸቱ ብዛት የራሱን ጆሮ በአንድ እጁ ይዞ ገመዱን ፈታ። መከታ አልዘለለም፣ እጅ አልላሰም። ከፊታቸው ሆኖ፣ ጭራውን አቁሞ፣ እየመራ ወደ ሰፈሩ ወሰዳቸው። እነሱ ከኋላው አሁንም «የኔ ነው»፣ «የኔ ነው» እየተባባሉ ይጣላሉ። ይጣሉ! ደስ ይበላቸው!

ውሻው የሚቆምበትን የሚያውቅ ውሻውን ያውቃል። እናንተም ውሻ ፎቶ ልታነሱ ስትወጡ የሚያምር ቦታ ሳይሆን የሱን ቦታ ፈልጉ፤ የምትወዱትንም ነገር ገመድ አንገቱ ላይ ሳይገባ «የኔ ነው» በሉት።

ተረቴን ውሰዱ፣ ለኔ ውሃ ቅዱ።