ስህተት የማያውቀው ጽሕፈት ቤት

አንድ ቀን የአንዲት ከተማ የልደት ምዝገባ ኃላፊ አቶ መንግሥተአብ የኮምፒውተር ባለሙያቸውን ድንበሩን አስጠርተው፣ በስክሪኑ ላይ በሚግተለተለው ጽሑፍ ተቆጡ። መዝገቡን በየሳምንቱ ወደ ሌላ ማሽን የሚገለብጠው ፕሮግራም ሥራው በተሰናከለ ቁጥር ስህተቱን ይዘረዝራል፤ አቶ መንግሥተአብ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያፍራሉ። ድንበሩ ማሽኑ ለአንድ ቀን ይቁምና ስህተቱ ይፈለግ ቢላቸው፣ እሳቸው እቴ! ይህን ወሬ ከፊቴ አጥፋልኝ፣ አስተያየት ካለህ በሬ ላይ የአስተያየት ሣጥኑ አለልህ አሉት። የአለቃ ነገር ነውና ድንበሩ ፕሮግራሙን በሚያስነሳው የኮምፒውተር ትእዛዝ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል ጨምሮ፣ የስህተቱን ጽሑፍ ሁሉ የገባ ወደማይወጣበት ባዶ ቦታ መለሰው።

ስክሪኑ ጸዳ። አቶ መንግሥተአብም ስህተት የማያውቅ ጽሕፈት ቤት መሩ ተብለው ተሸለሙ፤ የምስክር ወረቀቱንም ከራሳቸው ፎቶ ከፍ አድርገው ሰቀሉት።

በአራተኛው ወር ዋናው ማሽን ተቃጠለ። ግልባጩ ቢከፈት ስክሪኑ ከጸዳ ወዲህ ያለው ሁሉ ባዶ ነው፤ በእነዚያ ወራት የተወለደ ሕፃን ሁሉ እንዳልተወለደ ሆኖ ቁጭ አለ። ጥፋተኛ ሲፈለግ ድንበሩ ተገኘና አቶ መንግሥተአብ ቢሮ በተሰበሰበው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ከሥራ እንደሚባረር ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል።

ድንበሩ ስህተቶቹ በማን ትእዛዝ፣ ወዴት ሲላኩ እንደቆዩ አንድ በአንድ አስረዳ። አቶ መንግሥተአብ በንቀት ሳቁ።

«የሰጡትን ሁሉ የሚቀበል፣ የገባበት ነገር ግን ተመልሶ የማይታይ ቦታ አለ ነው የምትለን? እስቲ ካለ አሳየን» አሉት።

«ምን ሩቅ ያስኬደናል ጌታዬ፤ በርዎ ላይ ተሰቅሎ የለም?» አለ ድንበሩ።

ኮሚቴው ዞሮ የአስተያየት መስጫ ሣጥኑን አየ። ቁልፉ ከጠፋ ዓመት አልፎት ስለነበር በመዶሻ ተሰበረ። ከውስጡ አሥራ ስድስት ወረቀት ወጣ፤ ሁሉም ቀንና የድንበሩ ፊርማ ያለበት፣ ሁሉም «ግልባጩ እየተሰናከለ ነው፤ ማሽኑ ይቁምና ይፈተሽ» የሚል።

ድንበሩን ከሥራው የነቀነቀው የለም። አቶ መንግሥተአብ ግን በማግስቱ፣ ጽሕፈት ቤታችን ለአስተያየት ከፍተኛ ትኩረት ይሰጣል ብለው፣ የተሰበረውን ሣጥን በሌላ ትልቅ ሣጥን አስተኩት።