ተነስቶ የሚጠፋ ሞተር

አንድ ሰው ነበረ፤ ተክሉ የሚባል፣ ቡታጅራ የሚኖር። አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ቁልፍ ሲያዞር ሞተሯ እሺ ብሎ ይነሳል። ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ትሄድና ትንገጫገጫለች፤ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉን ያዞራል፤ ትነሳለች። ደግሞ ትሄዳለች፤ ደግሞ ትጠፋለች።

ይህ ሰው ታላቅ እህት ነበረችው፤ እትዬ ብርቄ ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። «እሱን ለማን ትቼ ላግባ?» እንዳለች ወጣትነቷ አለቀ። አሁን ከቆሼ ከተማ ወዲያ ባለ ገጠር ታማ ተኝታለች። «ተክሉን አንዴ ዓይኑን ልየው» ብላ ልካበታለች። ሦስት ጊዜ ነው የላከችው።

አልሄድም አለ? አላለም! ሁለት ጊዜ ተነሳ። ሁለቱንም ጊዜ መኪናዋ መንገድ ላይ ጠፋችበትና ተመለሰ።

ጋራዥ ወሰዳት። ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ ኮፈኑን ከፍተው ካንዴላውን አዩ፤ ደህና ነው። ሞተሩን አስነስተው እስኪጠፋ ጠበቁ። እንደጠፋ የነዳጁን ቱቦ ነቀሉት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከታንኩ ግርጌ ጥቂት ነዳጅ በጣሳ ቀድተው በጣታቸው አሹት። ቀይ ዝገት።

«ሞተርህ ጤነኛ ነው ልጄ» አሉት። «ታንኩ ነው ከውስጥ የዛገው። ስትሄድ ዝገቱ ተስቦ የቱቦውን አፍ ይደፍናል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ይረግፍና ይከፈታል። ለዚህ ነው ተመልሶ የሚነሳልህ። ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት፤ ሁለት ቀን ተዋት።»

«ሁለት ቀን የለኝም ጋሽ ሸምሱ፤ እህቴ ታማለች። የነዳጁን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን ብቻ ያጽዱልኝ።»

«እንግዲያው መኪናህን እዚህ ተውና በሚኒባስ ሂድ።»

«አሁን እኮ ትነሳለች!»

«እሱማ ትነሳለች» አሉ ሽማግሌው። ፊልትሮውንም አጽድተው ሰጡት።

በማግስቱ ማለዳ መንገድ ገባ። ጠፋች። ጠበቀ፤ አስነሳ። ጠፋች። አንድ ሚኒባስ አጠገቡ ቀስ አለና ሾፌሩ «ወንድሜ፣ ትሄዳለህ?» አለው። «አይ፣ ይኸው ተነስታለች» አለ። ሁለተኛው ሚኒባስ አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ።

ጨርሳ አልነሳም ብትለው ኖሮ ጥሏት ይሄድ ነበር። ግን ትነሳለች! በተነሳች ቁጥር ልቡ ይሞላል፤ በጠፋች ቁጥር ጊዜው ይነጉዳል። እንዲህ ሲል የሁለት ሰዓት መንገድ ቀኑን በላው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሲደርስ የለቅሶውን ድምፅ ከመኪናው ሳይወርድ ሰማ።

ስታስታምማት የነበረችው ጎረቤት ደጅ ላይ አገኘችው። «ስድስት ሰዓት ላይ ነው ያረፈችው» አለችው። «ጠዋት እኮ ትናገር ነበር። መኪና በተሰማ ቁጥር ‹ቀና አድርጉኝ፣ ተክሉ ነው› ትለን ነበር።»

ምን ይመልስላት? «መኪናዬ አልነሳም አለች» ይበል? ስትነሳ ነው የዋለችው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ጨርሳችሁ ብትቆሙ ኖሮ ትደነግጡ ነበር፤ ሌላ መንገድ ትፈልጉ ነበር። ግን ትነሳላችሁ። ጾም ሲገባ ትነሳላችሁ። ከቀብር ስትመለሱ ትነሳላችሁ። ከወንድማችሁ ጋር ልትታረቁ ትነሳላችሁ፤ ስልኩን ታነሱና መልሳችሁ ታስቀምጡታላችሁ። «ይኸው አልቅሻለሁ፣ ይኸው ወስኛለሁ፣ ደህና ነኝ» ትላላችሁ። ያ መነሳታችሁ ነው ያታለላችሁ! ታች የተጋገረው ቂም ግን መቼ ወጣ? ያ ትዕቢት መቼ ታጠበ? ሁልጊዜ «ጊዜ የለኝም፣ ለዛሬ ፊልትሮውን ብቻ» አይደል የምትሉት?

ይህን ስል እኔ ከእናንተ እሻላለሁ ብዬ አይደለም። ስንቱን ጀምሬ መንገድ ላይ እንደቀረሁ አምላኬ ያውቃል። ማጽናኛ እንድሰጣችሁም አትጠብቁኝ፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ተክሉ ከአርባዋ በኋላ ታንኩን አስወረደ። ሁለት ቀን ብቻ ፈጀ። ዛሬ መኪናዋ አንድም ጊዜ ሳትጠፋ ቆሼን አልፋ ትሄዳለች። ማን ጋ ይሂድባት?

አሜን አትበሉኝ። አሜን ስትሉማ ስንት ዓመት ሰማኋችሁ።