የትርንጎ አጭር በር

ስሙኝማ! እየሰማን ነው በሉኝ። ጆሯችሁን አቅኑ፣ ትንፋሻችሁንም ቆጥቡ፤ እኔ ስቆጥር እናንተም ከኋላዬ ትቆጥራላችሁ።

በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ትርንጎ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። ሥራዋ መጋዘን ውስጥ ቦሎቄ መልቀም ነው፤ ደህናውን ወደዚህ፣ የነቀዘውን ወደዚያ። ልጇ ሶልያና አሥር ወሯ ነው። መዳህ የተማረችው ገና ባለፈው ወር ነው፤ ከተማረች ወዲህ ግን የሚያስቆማት ጠፍቷል። ለቃሚዎቹ ማኅበር መሥርተው፣ ከመጋዘኑ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው የልጆች ማቆያ አድርገዋታል። ክፍሏ ቆርቆሮ ናት። በሩ ከተዘጋ ምድጃ ትሆናለች፤ ከተከፈተ ሶልያና ወደ ባጃጁ መንገድ ትወጣለች። ጠባቂዋ አንዲት ሴት፣ ልጆቹ አሥራ አራት። ሁለት እጅ ለአሥራ አራት ልጅ ምን ይሆናል?

ትርንጎም አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ የምትል አጭር የእንጨት በር፣ ንፋስ የምታስገባ፣ ሶልያናን የማታስወጣ። ወደ አናጢው ወደ ጋሽ ድንቁ ሄደች።

«ጋሽ ድንቁ፣ እባክዎ ሦስት ሳንቃ ቆርጠው አጭር በር ይሥሩልኝ።»

«ለማኅበሩ ነው?»

«አዎ፣ ለማኅበሩ።»

«እንግዲያው አልቆርጥም! አምና ለማኅበሩ አግዳሚ ወንበር ሠርቼ፣ ማን አዘዘህ ተብዬ ስድስት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ያውም እዚያው በሠራሁት ወንበር ላይ። መጀመሪያ ሊቀ መንበሯ ትዘዘኝ።»

ጋሽ ድንቁ ሳንቃ አልቆርጥም አሉ፤ ሶልያና ግን መዳህ አልተውም አለች።

ትርንጎ ወደ ሊቀ መንበሯ ወደ እትዬ ዘነቡ ሄደች። «እትዬ ዘነቡ፣ ጋሽ ድንቁን ይዘዙልኝ።»

«የኔ እናት፣ ብሩ እኮ የእርዳታ ብር ነው። እያንዳንዷ ሳንቲም ስም አላት። ለወተት የተባለችው ለወተት ነች፣ ለሳሙና የተባለችው ለሳሙና ነች። ለበር የተባለች የለችም። ዛሬ ባዝዝልሽ ነገ፣ ዘነቡ በወተት ብር በር ሠራች ይሉኛል። በጀት ውስጥ ይግባና አዝዛለሁ።»

እትዬ ዘነቡ አላዝም አሉ፤ ጋሽ ድንቁ ሳንቃ አልቆርጥም አሉ፤ ሶልያና ግን መዳህ አልተውም አለች።

ትርንጎ ወደ መምህር አስናቀ ሄደች። መምህር የከተማውን ማኅበር ሁሉ ፕሮፖዛልና በጀት የሚጽፉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በር አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል፣ መምህር?»

«የሕፃናት እንቅስቃሴ ደህንነት መጠበቂያ መዋቅር።»

ትርንጎ ደነገጠች። «ኧረ መምህር፣ እኔ ይህን ያህል ትልቅ ነገር አልፈለግሁም! እዚህ ድረስ ብቻ ናት» ብላ ጉልበቷን አሳየቻቸው።

«አንቺ ደግሞ! በር ብለን ብንጽፍ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረናል? ይልቅ ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ። ሦስት አናጢ ዋጋውን ጽፎ ማህተሙን ካላሳረፈ በጀቱን አልጽፍም።»

መምህር አስናቀ በጀት አልጽፍም አሉ፤ እትዬ ዘነቡ አላዝም አሉ፤ ጋሽ ድንቁ ሳንቃ አልቆርጥም አሉ፤ ሶልያና ግን መዳህ አልተውም አለች።

አንዱን ፕሮፎርማ ጋሽ ድንቁ ወዲያው ሰጧት፤ «ዋጋ መጻፍ ሳንቃ መቁረጥ አይደለም» ብለው። ለሁለቱ ከድልድዩ ማዶ ወዳሉት አናጢዎች ተሻገረች። እነሱም ተያይተው ሳቁ።

«ሥራው የድንቁ መሆኑን አገር ያውቃል። ሙሽራው ድንቁ፣ ሚዜው እኛ?»

«ወንድሞቼ፣ ማህተም ብቻ እኮ ነው።»

«ማህተም ብቻ! እህቴ፣ ማህተም እንደ ሰላምታ ላገኙት ሁሉ አይሰጥም። የእርዳታ ቢሮው ደብዳቤ ይጻፍልን።»

ማዶኞቹ አናጢዎች ማህተም አናሳርፍም አሉ፤ መምህር አስናቀ በጀት አልጽፍም አሉ፤ እትዬ ዘነቡ አላዝም አሉ፤ ጋሽ ድንቁ ሳንቃ አልቆርጥም አሉ፤ ሶልያና ግን መዳህ አልተውም አለች።

ትርንጎ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እርዳታ ቢሮው ሄደች። ደብዳቤ የምትጽፈው ወይዘሪት ሩሐማ ወንበር ሰጠቻት፣ ውሃም ቀዳችላት፤ ደብዳቤውን ግን አልሰጠቻትም።

«ከፕሮፖዛላችሁ ጋር 'የእናት ቃል' የሚባል ገጽ ይያያዛል። አምና ከማኅበራችሁ አርባ ቃል መጣልኝ። አርባውም እናቶች፣ 'የአቅም ውስንነቴ በዘላቂነት ተቀርፏል' ይላሉ። አርባ እናት በአንድ አፍ! አለቃዬ ስቆ ስቆ መለሰብኝ።»

«መምህር ናቸው የጻፉልን» አለች ትርንጎ አቀርቅራ።

«ገብቶኛል። ዘንድሮ ግን አንዲት እናት በገዛ እጇ ካልጻፈች ደብዳቤ አልሰጥም። እንቺ ገጹን፤ አንቺው ጻፊው።»

«እኔ? ወይዘሪት፣ የኔ እጅ እኮ ቦሎቄ እንጂ ፊደል አይለቅምም!»

እውነቷን ነው፣ ትንሽ ትንሽ ነው የምትጽፈው፤ የጎልማሶች ትምህርት አራት ወር ተምራ ሶልያና ስትወለድ አቁማለች። ገጹን አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፣ ሦስት ቀን አለፈ። ገጹ በላብ ረጠበ እንጂ በቀለም አልረጠበም። ሰው ያነበዋል፣ ይስቅብኛል፣ በኔ ስህተት በሩም ይቀራል እያለች ፈራች።

እንግዲህ ትንፋሻችሁን ሳቡ! ትርንጎ እርሳስ አልጨብጥም አለች፤ ሩሐማ ደብዳቤ አልሰጥም አለች፤ ማዶኞቹ አናጢዎች ማህተም አናሳርፍም አሉ፤ መምህር አስናቀ በጀት አልጽፍም አሉ፤ እትዬ ዘነቡ አላዝም አሉ፤ ጋሽ ድንቁ ሳንቃ አልቆርጥም አሉ፤ ሶልያና ግን መዳህ አልተውም አለች።

በአራተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባጃጅ ሲጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ አንዲት አቧራ የለበሰች ሕፃን በብብቱ ይዞ ወደ መጋዘኑ ገባ። ሕፃኗ የሸሚዙን ኪስ ትጎትታለች።

«ይቺ ትራፊክ የማን ናት? መሀል መንገድ ተቀምጣ አስቁማኛለች!»

ሴቶቹ ሳቁ። ትርንጎ አልሳቀችም። የያዘችውን ቦሎቄ በትና ተነሣች። ከዚያ ልጇን ተቀብላ እቅፏ ውስጥ ከተተች፣ ያን የረጠበ ገጽ አወጣች፣ ከሚዛን ያዡ ጆሮ ላይ እርሳሱን መንጭቃ ወሰደች፤ ጆንያው ላይ አስደግፋም ጻፈች፦

«ልጄ ሶልያና ትድኻለች። ማቆያው አጭር በር የለውም። ውጪ ባጃጅ አለ። ቦሎቄ ስለቅም ባጃጅ በጮኸ ቁጥር እጄ ይቆማል። ዛሬ ባጃጁ ፍሬን ነበረው። የነገውን አላውቅም። በር ስጡን። ትርንጎ።»

ሶልያናን እንዳቀፈች ሮጣ ገጹን ለሩሐማ ሰጠቻት። ሩሐማ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ ሳበች።

በሉ አሁን ያዙኝ፣ ቁልቁለት ነው! ትርንጎ ጻፈች፤ ሩሐማ ደብዳቤ ሰጠች፤ ማዶኞቹ አናጢዎች ማህተም አሳረፉ፤ መምህር አስናቀ በጀት ጻፉ፤ ቢሮው አጸደቀ፤ እትዬ ዘነቡ አዘዙ፤ ጋሽ ድንቁም መጋዛቸውን አነሡ፣ ትእዛዙን አነበቡ፣ መጋዛቸውንም መልሰው አስቀመጡ።

«የሕፃናት እንቅስቃሴ... ደህንነት... መጠበቂያ መዋቅር። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ይሄ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ።»

«ጋሽ ድንቁ!» አለች ትርንጎ፤ ስንት ቀን ልጇን አዝላ ስትለቅም፣ ከአሠሪዋም ግልምጫ ስትጠጣ ሰንብታ ትዕግሥቷ አልቋል። «በሯ እኮ ናት! ይቺው በር!» ጉልበቷንም በጥፊ መታችው።

«በሯ ናት? ታዲያ በር አይሉም ነበር?»

ሦስት ሳንቃ ቆረጡ፣ ማጠፊያ መቱ፣ ከውጭ በኩል መቀርቀሪያ አደረጉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሯ ቆመች።

በማግሥቱ ጠዋት ትርንጎ ሶልያናን ማቆያው አስገብታ መቀርቀሪያውን ወረወረች። ሶልያና እየዳኸች መጣች፤ በሯን ገፋች፣ አልሄደላትም፤ ሳንቃውን ነከሰች፣ አልሆነላትም። ከዚያ በከተማው ያሉ ባጃጆች ሁሉ ተደምረው የማይጮኹትን ጩኸት ለቀቀችው። ጩኸቱ መጋዘኑ ውስጥ ድረስ ገባ።

«ትርንጎ፣ ልጅሽ እያለቀሰች ነው!» አሏት ሴቶቹ።

«እሰማታለሁ» አለች ትርንጎ፤ ሳቋ አመለጣት። «ከበሩ ወዲያ ናት።» እጇም ሳይቆም ቦሎቄዋን ለቀመች፤ ደህናውን ወደዚህ፣ የነቀዘውን ወደዚያ።

እኔም ቆጥሬ ጨረስሁ። ሳይሳሳት ከኋላዬ የቆጠረ ውሃ ይጠጣ፤ የተሳሳተ ከጋሽ ድንቁ ጀምሮ ይድገመው።