የዓመት ካርድ ያዋጣኛል?

ወገኖቼ፣ በዛሬው ጉባኤ ረጅም ነገር አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ሰውና ስለ አንድ የጀልባ ካርድ ነው። ከኋላ የቆማችሁ እስቲ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም። ለምን ብትሉ፣ ያሳፍራል። እኔንም አሳፍሮኛል፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አንድ ሰው ነበር። ባሕር ዳር ላይ ቀለምና ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ሰው የሚያከብረው ነጋዴ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ይጾማል፣ ይሳለማል፣ ለቸገረው ይሰጣል። ታሪኩን የነገረኝ ራሱ ነው። «ለሰው ተናገረው፤ ስሜን ግን ተወኝ» ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ።

ይህ ሰው የተወለደው ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ነው። አባቱ አያ ቢያድግልኝ ዛሬም እዚያው ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅየው አንድ ለእናቱ ነው፤ ወንድም የለው፣ እኅት የለው። «ከተማ ይምጡና አብረን እንኑር» ቢላቸው፣ «የእናትህን መቃብር ለማን ትቼ?» አሉት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ከከተማው እስከ ደሴቱ በጀልባ ስንት ሰዓት ይመስላችኋል? ሁለት ሰዓት ተኩል። አስቡት። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላችሁ ካርታ የምትጫወቱት ከዚያ ይበልጣል። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው።

ባለፈው ዓመት ነው፣ የጀልባዎቹ ባለቤቶች ወደቡ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። የዓመት ካርድ ጀምረናል፤ አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ዓመቱን ሙሉ በፈለገው ቀን ይሳፈራል የሚል። ሰውዬው ይህን አየ። ነጋዴ አይደል? ማሰብ ጀመረ። ያዋጣኛል? አያዋጣኝም? ሱቅ ውስጥ ያስባል፣ ምሳ ላይ ያስባል። ሳምንት ሙሉ አሰበ።

ሚስቱ ውባንቺ አየችውና «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ይህ የጀልባ ካርድ ነዋ! በዓመት አሥር ጊዜ ለሚሄድ ሰው ያዋጣል። ከአሥር ካነሰ ግን ኪሳራ ነው።»

«አንተ ስንት ጊዜ ትሄዳለህ?»

«በየወሩ፣ ለማርያም። አሥራ ሁለት በይው። ጥምቀትና ፋሲካ ሲጨመርበት አሥራ አራት። ያዋጣኛል ማለት ነው!»

ውባንቺ «እኔ ምን አውቃለሁ? ያንተ አባት ናቸው» ብላ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰውዬው እየዋሸ አልነበረም። ከልቡ ነው። በየወሩ የሚሄድ ይመስለዋል! እንዴት ሊመስለው እንደቻለ አሁን ታያላችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደቡ ሄዶ ሰልፍ ያዘ። ተራው ሲደርስ ትኬት ቆራጯ ባንቻምላክ ቅን ልጅ ናትና አስጠነቀቀችው። «ጋሼ፣ ይህ ካርድ የሚያዋጣው ቶሎ ቶሎ ለሚሄድ ሰው ነው። ገንዘብዎ በከንቱ እንዳይቀር ብዬ ነው። ቶሎ ቶሎ ይሄዳሉ?»

«እኔ?» አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አለ። «በየወሩ ነዋ! አባቴን ትቼ የት እገባለሁ?»

ሰልፉ ላይ የነበሩ እናቶች ሰሙት። «እሰይ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። «ተባረክ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛው» አሉ። እሱም ተቀበለ። ምርቃቱን አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀበለ። ባንቻምላክ ለካርዱ ስሙን ጠየቀችው፤ እሱም ስሙን ከነአባቱ ስም ነገራት።

ይህን ጊዜ አጠገባቸው ገመድ ሲያስር የነበረው የጀልባው ነጂ እንየው ብድግ አለ። ፊቱ በርቷል። በሁለት እጁ ጨበጠው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ! የአያ ቢያድግልኝ ልጅ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስምዎን በየጆንያው ላይ ሳነበው ኖርሁ፤ መልክዎን ግን ዛሬ ገና አየሁት!»

እንየው ተንኮል የለውም፤ ደስ ብሎት ነው የተናገረው። የመረቁት እናቶች ግን ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ባንቻምላክ ስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች።

ለካ በየወሩ የሚሄደው ጆንያው ነው። ሰውዬው በየወሩ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ መድኃኒቱን ራሱ ይመርጣል። ራሱ ያስራል። በትልቁ ስሙን ይጽፍበታል። ከዚያ በሱቁ ሠራተኛ እጅ ወደብ ይልከዋል። ማታ የአባቱ ጎረቤት ስልክ ላይ ይደውላል። «ደረሰ ወይ?» ይላል። «ደረሰ» ይሉታል። ይዘጋል። እሱ ራሱ ደሴቱን ከረገጠ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዕቃው ሲደርስ እሱ የደረሰ እየመሰለው፣ ሦስት ዓመት!

ሰውዬው ፊቱ ደም መሰለ። ግን ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ራሱን ይከላከላል። «ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ምንም አላጎደልሁባቸውም» አለ። «ለማርያም ማኅበራቸው እንኳ ያን ሁሉ ድግስ የላክሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ አውቃለሁ!» አለ እንየው። «ተሸክሜ ያደረስሁት እኔ አይደለሁ? ቁጭ ብዬም በልቻለሁ። ምንም አልጎደለም፤ ማሩም፣ ዱቄቱም፣ ጌሾውም ተርፏል። ብቻ...»

«ብቻ ምን?»

«እጅ ማስታጠቡ ላይ ነው።»

የማኅበር ሰው የሆናችሁ ይገባችኋል። የጽዋው ተራ የደረሰው ሰው ቤት፣ የማኅበርተኛውን እጅ የሚያስታጥበው ማነው? የቤቱ ልጅ ነው። ድግሱን ጎረቤት ያግዛል፤ ውሃው ግን የልጁ ነው። ተቀጥሮ አይሠራም፤ በጆንያ ታስሮ አይላክም።

እንየው እንዲህ ብሎ ነገረው። «ሰው ሁሉ ተቀመጠ። የጎረቤት ልጅ ማስታጠቢያውን አንስታ ልትዞር ስትል አያ ቢያድግልኝ ያዟት። ‹ተዪው ልጄ፣ ይህ የልጄ ቦታ ነው፤ እስኪመጣ እኔ ልያዝለት› አሏት። ከዚያ ራሳቸው ተነሱ። ዓይናቸው እንደሚያውቁት ነው። ግማሹ ውሃ ሰው ጉልበት ላይ ፈሰሰ። ሁሉም እጁን እየዘረጋ ታጠበና ‹እግዜር ይስጥልን፣ ልጅዎን ያምጣልዎ› አላቸው። ሃያ ሁለት ሰው ነበርን።»

ባንቻምላክ ቀስ ብላ «ካርዱን ልጻፍልዎ?» አለችው።

«አይ» አለ። «የዛሬውን ብቻ ቁረጪልኝ።»

ተሳፈረ። ምንም አልያዘም። ሰው ፊቱን እንዳያየው ወደ ውሃው ዞሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጓዘ።

ደረሰ። አባቱ በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ኮቴ ሰሙ። «እንየው ነህ?» አሉ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ጆንያውን ጓዳ አግባልኝ።»

«እኔ ነኝ አባባ» አላቸው።

ድምፁን ለዩት። እናንተ ምን ትጠብቃላችሁ? እልልታ? እቅፍ? አባትየው ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አወለቁ፤ አዘቅዝቀው ለበሱት። እንደ ሐዘንተኛ። ከዚያ፣ «ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም አባባ።»

«አትደብቀኝ። ከልጆችህ ነው? ውባንቺ ናት?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

አላመኑትም። ወገኖቼ፣ አባት ልጁን አላመነም! መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ አይደል? እስኪነጋ ይደብቀኛል ብለው ቁጭ ብለው አነጉ። እሱ የመጣ ዕለት አባቱ እንቅልፍ አጡ።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። የደሴቱ ሰው ነው። ልጁ መምጣቱን ሰምተው እነሱም ያሰቡት ያንኑ ነው። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ ባንድ ገብተው ድንጋይና ሣር ላይ ተቀመጡ። ሊያስተዛዝኑ መጡ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ነግቷል ልጄ፤ ንገረንና እናልቅስ» አሉት።

እሱም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆሞ መናገር ነበረበት። «ማንም አልሞተም። አባቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ስለ እሱ አፈሩለት። ከዚያ አባትየው ቀስ ብለው ጋቢያቸውን አወለቁና አስተካክለው ለበሱ።

ሰውዬው ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። «መምህር፣ ቢሰድቡኝ እችለው ነበር» አለኝ። «እኔን ሲያዩ ግን የታያቸው ሬሳ ነው። አባቴ ቤት ከሞት በቀር እኔን የሚያመጣኝ ነገር የለም ማለት ነው።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ማነው? በየወሩ በስልክ ብር ልከን «ደረሰሽ እማዬ?» ብለን የምንዘጋ እኛ አይደለንም? የታመመ ጓደኛችንን «ብርቱካን ልኬለታለሁ» ብለን የምናልፍ እኛ አይደለንም? እዚህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በጎረቤት እጅ ጧፍና ጃንጥላ ልከን፣ ስማችን በማይክ ሲነበብ ቤታችን ተኝተን የምንሰማ እኛ አይደለንም? እግዚአብሔር ጧፍ የቸገረው ይመስላችኋል? የሚጠብቀው እናንተን ነው! ተቸግረን፣ ታመን፣ ሬሳ ተሸክመን በሩ ላይ ስንቆም ብቻ ነው የሚያየን። እሱም እንደ እኚያ አባት «ምን ሆናችሁ መጣችሁ?» ቢለን ይፈረድበታል?

አትስጡ አላልሁም። ላኩ። ግን የላካችሁትን እንደ መሄድ አትቁጠሩት። ያዋጣኛል ወይ ብላችሁ ስታሰሉ የምታሰሉት ምኑን ነው? መንገዱን ነው? ሥራውን ነው? የሚጠብቃችሁን ሰው ስሌቱ ውስጥ አስገብታችሁት ታውቃላችሁ?

ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኋችሁ ይኸው። ፍኖተ ሰላም አንዲት እኅት አለችኝ። ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔን ለማሳደግ ብላ ሳታገባ የቀረች። መድኃኒቷን በየወሩ እልካለሁ፤ አንድ ወር አሳልፌ አላውቅም። ካየኋት ግን አራት ዓመት ሆነኝ። አራት! እናንተ ፊት በየሳምንቱ ቆሜ ስለ ፍቅር እየሰበክሁ። ይህን ሰውዬ «አይዞህ» እያልሁ ሳጽናና፣ በልቤ ግን እሱን እያየሁ በራሴ አፍር ነበር። እስካሁንም አፍራለሁ። ስትሰሙኝ እንደ መምህር አትስሙኝ፤ እንደ እናንተው እንደ አንዱ ስሙኝ።

የዛሬው ጉባኤ እዚህ ላይ ይበቃል። ዲያቆኑ መርሐ ግብሩን ያሳርጋል። ከሰዓት አውቶቡስ አለ፤ እኔ ከዚህ ወርጄ በቀጥታ መናኸሪያ ነው የምሄደው። እናንተም የምትሄዱበት አታጡም። በር ላይ ስትደርሱ «ማን ሞተ?» ብትባሉ እንዳትቆጡ፤ መብታቸው ነው። አንገታችሁን ደፍታችሁ «ማንም አልሞተም፤ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት» በሉ። ካላመኗችሁ እዚያው እደሩ። በማግስቱም ካላመኗችሁ፣ እስኪያምኗችሁ ድረስ ተመላለሱ።