የዳለቻ ሦስት ማኒፎልዶች

በአንድ ወቅት ከቆላ ማሽላ እየጫነች የጣርማ በርን ዳገት ስትወጣ የኖረች አንዲት አሮጌ የቤንዚን መኪና ነበረች። ቀለሟ አመድ ስለሚመስል የደብረ ሲና ሰው ዳለቻ ይላት ነበር። ባለቤቷ አቶ ወልደኪዳን ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእሷ ነው፤ ከመሪዋ ኋላ ተቀምጠውም ስንት ጓደኛቸው ገደል ሲገባ አይተዋል።

ዕድሜዋ ሲገፋ የዳለቻ ማኒፎልድ ተሰነጠቀ። ማኒፎልድ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ሥር ተቀምጦ ድብልቁን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ብረት ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው በእሱ በኩል ነው። ዳለቻ ላይ ደግሞ ፍሬኑን የሚያቀልለው ቀጭን ቱቦም የሚስበው ከዚያው ብረት ነበር። ስለዚህ ሞተሩ ከጠፋ፣ ወይም ማኒፎልዱ ያለቦታው አየር ካስገባ፣ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህ ጣርማ በር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚያው ሰሞን አቶ ወልደኪዳን ታመው አልጋ ያዙ። ሲብስባቸው ሦስቱን ልጆቻቸውን አስጠሩ። የመጀመሪያው አጥናፉ የታወቀ በያጅ ነው። ተከታይዋ ስንዱ የወፍጮ ቤት ሞተር ታንቀሳቅሳለች፣ ሲበላሽም ራሷ ትፈታዋለች። የመጨረሻው ዳምጠው የረጅም መንገድ ሾፌር ነው።

«ዳለቻን ሦስት ቦታ አልቆርጣትም» አሉ አባታቸው። «ጭነት ይዛ ጣርማ በርን እንድትወጣ፣ ማንንም ሳትጎዳ ቤቷ እንድትመለስ ላደረገ ትሁን። ማኒፎልዱን እያንዳንዳችሁ እንደ ሐሳባችሁ ምረጡ።»

«አባባ፣ ሦስታችንም ብናደርገውስ?» አለች ስንዱ።

«ግድ የለሽም፤ ተራራው ይመርጣል» አሉ። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ዕጣ ጣሉ። መጀመሪያ ለአጥናፉ፣ ቀጥሎ ለዳምጠው፣ መጨረሻ ለስንዱ ደረሰ።

አጥናፉ የመረጠው ያንኑ አሮጌውን ነው። ወፍራም ብረት ነው፤ መተላለፊያዎቹ ጠባብ በመሆናቸው መኪናዋን አያስሮጣትም፣ ነገር ግን ዳገት ላይ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር እንኳ ጉልበቱን አይነፍጋትም። «አብረው አርጅተዋል፤ ይተዋወቃሉ» አለ። ብረቱን ከሰል ላይ አግሎ በየደው፣ እንዳይደነግጥ አመድ ውስጥ ቀብሮ አቀዘቀዘው፣ መልሶም አሰረው። ዳለቻ ማሽላዋን ተሸክማ፣ እግረኛ እየቀደማት፣ አንድ ጊዜም ሳታስል ጣርማ በር ወጣች። ጭነቷን አራግፋ ቁልቁለቱን ስትጀምር ግን አጥናፉ ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ሰማ። ብየዳው ለቋል። እግሩን ከቤንዚኑ ቢያነሳም ሞተሩ ጩኸቱን አልቀንስ አለ፤ ፍሬኑን ቢረግጥ ፔዳሉ ደርቋል። ከፊቱ ባለው ኩርባ ላይ መንገድ ጠጋኞች ድንጋይ ይደረድራሉ። በስተግራ ገደሉ፣ በስተቀኝ የተራራው ግድግዳ ነው። መሪውን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዳለቻ አለቱን እየፋቀች ሄዳ ቆመች፤ ሠራተኞቹ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ። የአጥናፉ ቀኝ እግር ግን ከብረቱ መሃል የወጣው ተሰባብሮ ነው። እሱንም እሷንም በሌላ መኪና ጎትተው አመጧቸው። ዳለቻ ተጠገነች፤ የእሱ እግር አልዳነም።

ዳምጠው የወንድሙን እግር አይቶ አለቀሰ፣ ከዚያም ተራውን ያዘ። የእሱ ማኒፎልድ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ አሉሚኒየም ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ውስጡ እንደ አዳራሽ ክፍት። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር አየር እንደ ልብ ያጠጣዋል፤ በቀስታ ሲዞር ግን ድብልቁ አዳራሹ ውስጥ ይሰንፍና ሞተሩ ይታፈናል።

«ይሄ ለውድድር መኪና ነው እንጂ ለዳገት ይሆናል?» አለችው ስንዱ።

«እታለም፣ እግሬን ካላነሳሁለት አይጠፋም። አላነሳለትም።»

አላነሳለትምም። የወጣው ክፉ ጭጋግ በወረደበት ቀን ነው፤ ከኮፈኑ ጫፍ ወዲያ አይታይም። ዳምጠው በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኸ ኩርባውን ሁሉ በጆሮው ወጣ ማለት ይቻላል። ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ የዳለቻን የኋላ መብራት ተከትሎ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ተራራው ወገብ ላይ ሲደርሱ ከጭጋጉ ውስጥ የሰው እጅ ወጣ። እጁ ደም ነበረው። ዳምጠው ዓይኑን ከእጁ ላይ ነቀለ፣ ቤንዚኑንም ይበልጥ ረገጠ። እጁ ጭጋጉ ውስጥ ቀረ።

ጣርማ በር ደርሶ ጭነቱን አራገፈ። ሲመለስ እዚያው አካባቢ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ጡሩንባ እየነፋ አዘገመ፤ የመለሰለት አልነበረም። ዳለቻን ያለ አንዲት ጭረት ደጃፏ አቁሞ ገባ። የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ለአባቱና ለእህቱ ተናገረ።

«ደም አይተህ አለፍክ?» አለችው ስንዱ።

«እግሬን ባነሳ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከጠፋ ፍሬን የለኝም፤ ማሽላውን እንደያዝኩ ወደ ኋላ አውቶቡሱ ላይ ነበር የምወርደው። ሕዝብ የጫነውን አውቶቡስ መብራት በመስታወት አይቻለሁ፣ እታለም።»

አቶ ወልደኪዳን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስንዱ ወደ ከተማው ወጥታ ሰውየውን እንዲያነሡ ሾፌሮቹን ለመነች። በዚያ ጭጋግ የሚነሣ አልተገኘም። ተመልሳ የዳለቻን ኮፈን ከፈተች።

«ምን ታደርጊያለሽ? ባለው ማኒፎልድ እንሂድ፤ እኔ እነዳለሁ!» አለ ዳምጠው።

«ዳገት ላይ ቆመን ሰው ስናነሣ ቢጠፋብህስ? ሌላ ሬሳ ልንጨምርበት ነው የምንሄደው?»

የእሷ ማኒፎልድም አሉሚኒየም ነው፤ ግን ዝቅ ያለ፣ ውስጡም በሁለት ፎቅ የተከፈለ ነው። በቀስታም ሲዞር ሞተሩን አያንቀውም፤ ቆመው ቢነሡም ይታዘዛል። ጠላቱ ብርድ ነው። ጭጋግ ውስጥ ካርቡራተሩ አመዳይ ይዞ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከራዲያተሩ የሞቀ ውሃ ወስዶ ከሥሩ የሚያዞር ቱቦ አዘጋጅታለት ነበር። አሁን ያንን ሁሉ መግጠም አለባት። ጎረቤቱ ደጃፉን ሞልቶ «ኧረ ፍጠኚ! ሰው እየሞተ ነው!» ይላል። እሷ ግን ብሎኖቹን አንድ በአንድ፣ በተራ በተራ እኩል አጠበቀች፤ አንዱን ብትዘል እንደ አጥናፉ ብየዳ አየር ያስገባል። ሥራው ሲያልቅ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

ዳለቻን ባዶዋን ይዛት ወጣች። ዳምጠው ቦታውን ሊያሳያት ከጎኗ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ብርዱ ሞተሩን ሊያፍነው ሲቃጣ ቆማ እስኪሞቅ ጠበቀች፣ መልሳም ተነሣች። ከሚነዱት ይልቅ የሚቆሙት ይበዛ ነበር። ቦታው ሲደርሱ ዳምጠው ወርዶ እየተጣራ ከመንገዱ በታች ሄደ፤ የተገለበጠች ትንሽ መኪና አገኘ። እጁን ያወጣው ሰው ሰይፉ ይባላል፤ በሕይወት ነበር። የታናሽ ወንድሙን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሁለቱን ተሸክመው አወጡ፣ ስንዱም እዚያው አዙራ ወደ ደብረ ሲና ጤና ጣቢያ ወረደች። ሰይፉ ተረፈ። ታናሹ ግን ሲያገኙት ሞቶ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ልቅሶ ሰሙ። አቶ ወልደኪዳን ፍርዳቸውን ሳይሰጡ አርፈዋል።

ከተዝካሩ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የመኪናዋ ቁልፍ ከመሃላቸው ሰሌን ላይ ተቀመጠ።

አጥናፉ በክራንቹ ተደግፎ ተነሣ። «አባባ ማንንም ሳትጎዳ ነው ያሉት። የተጎዳው የእኔ አካል ነው። የሰው ደም እንዳይፈስ እግሬን ሰጥቻለሁ» አለ።

ዳምጠው ቀጠለ። «ጭና ወጣች፣ በሰላም ገባች። የአባቴን ቃል ከዳር ያደረስኩ እኔ ብቻ ነኝ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አትርፌያለሁ፤ ያየሁትንም አልደበቅኩም። ቦታውን ባላሳይ ማን ያገኛቸው ነበር?»

ስንዱ ብዙ አልተናገረችም። «ማሽላ ይዤ አልወጣሁም፣ ጣርማ በርም አልደረስኩም። ሰው ይዤ ተመልሻለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ሽማግሌዎቹ ተጠርቶ ወደመጣው ሰይፉ ዞሩ። ክንዱ በጨርቅ ተንጠልጥሏል።

«አንተስ ምን ትላለህ? አልፎህ የሄደውን ዳምጠውን ትከሳለህ?»

ሰይፉ ክንዱን ደግፎ ተነሣ። «ያለፈኝ ጊዜ ወንድሜ ያናግረኝ ነበር» አለ። «ጡሩንባ እየነፋ ሲመለስም ሰምቼዋለሁ፤ ግን ወደ ወንድሜ ወርጄ ነበር፤ እሱን ትቼ ዳገቱን ዳግም መውጣት አልቻልኩም፣ ድምፄም አልወጣ አለኝ። ከዚያም በኋላ ያናግረኝ ነበር። የሞተው ሊመሽ ሲል፣ የእሷ መኪና ድምፅ ከመሰማቱ ጥቂት ቀድሞ ነው።»

ስንዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ውጭ፣ ጭጋጉ ከተራራው መውረድ ጀምሯል፤ የሚጫን ማሽላ ደግሞ ደጅ ላይ ተከምሯል፤ ነገም አንድ ሰው ዳለቻን ይዞ መውጣት አለበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቁልፉን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፣ መልሶም ሰበሰበው።

እናንተ እዚያ ሰሌን ላይ ብትቀመጡ ኖሮ፣ ቁልፉን ለማን ትሰጡ ነበር?