የሃምሳ በመቶ ምርቃት

ግራዝማች ሽበሺ የሚባሉ ጋቢ ነጋዴ ነበሩ፤ ሆዳቸው ገበያ ደርሶ ዋጋ ሲጠይቅ እግራቸው ገና ከቤት አልወጣም። እኚህ ሰው ትናንት አራት መቶ ብር ይሸጡት የነበረውን ጋቢ ዛሬ ስምንት መቶ አሉትና "ሃምሳ በመቶ ቅናሽ!" ብለው አስለፈፉ።

አንድ ምላሰኛ ድሃ ለአራስ ሚስቱ ጋቢ ሊገዛ መጥቶ አራት መቶ ብሩን ሰጣቸው። ግራዝማች ግን ጋቢውን እቅፍ አድርገው፣ "አራት መቶ ብር ሙሉ ቀንሼልህ እንዲሁ ልትሄድ ነው? በሰው ፊት ካልመረቅኸኝ ጋቢ የለም!" አሉት።

ሰውየው አራሷ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ታየችውና ሁለት እጁን ዘረጋ።

"እግዜር ዕድሜዎን እጥፍ ያድርግልዎ!"

"አሜን!" አሉ ግራዝማች፣ ከሰባት ወንዝ ማዶ ያለ ውሻ እስኪጮህ ድረስ።

"ከዚያ ላይ ደግሞ ሃምሳ በመቶ ይቀንስልዎ!"

"አሜን!" አሉ አሁንም፣ አፋቸው ለምዶበት። የነቁት ገበያተኛው በሳቅ ሲፈርስ ነው።

"አንተ! ታዲያ ምን ተጨመረልኝ?"

ሰውየው ጋቢውን ከእቅፋቸው ሳብ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ "ለእኔ የቀነሱልኝን ያህል ነዋ፣ ጌታዬ!" አላቸው።