በላሚቱ ግራ ጎን ያሉት

«አንዲት ላም ብቻ ያለችው ገበሬ ነበረ» አሉ የኔታ። ተማሪያቸው ዘሥላሴ የተማረው ቃል እንደ ሰማው አልቀመጥ እንዳለው፣ በውስጡ አንድ የሚያጉረመርም ነገር እየለዋወጠ እንዳስቸገረው ነግሯቸው፣ ያን ድምፅ ጸጥ የሚያሰኝ ጸሎት እንዲሰጡት ለምኗቸው ነበር።

ገበሬው ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች ላም ወተት ነው። ዘይቱ ተጨምቆ ያላለቀ የኑግ ፋጉሎ ያበላታል። አንድ ቀን ቅቤዋን ቀመሰና ኑግ ኑግ አልል አለው። ያ ሁሉ ዘይት የት ገባ ብሎ ጆሮውን በግራ ጎኗ ላይ አሳረፈ። ከውስጥ የብዙ ሕዝብ ማጉረምረም ሰማ። ላሚቱ ዝም ብላ ቆማለች፤ ድምፁ የእሷ አልነበረም። ገላውን ሰቀጠጠው።

«እንዳንተው ችኩል ነበርና ማንንም አላማከረም» አሉ የኔታ። የሚሰርቁኝ እነዚህ ናቸው፣ ሰርቀው የማይጨርሱትን ልስጣት ብሎ አንድ ገንቦ የኑግ ዘይት በቀንድ ጋታት።

በማግስቱ ጆሮውን ቢያስጠጋ ምንም የለም። ሆዷ በሣር እንደ ተወጠረ ነው፣ እሷ ግን በረሃብ ትከሳለች። ማመንዠክ ተወች። ወተቷም ነጠፈ። ያ ጸጥታ ከማጉረምረሙ ይልቅ አስፈራው፤ ጎኗን በመዳፉ እየመታ ተጣራ። የሚመልስ አልነበረም።

ከብት የሚያክም ሽማግሌ አስመጣ። ሽማግሌው ጎኗን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ የሚኖሩት ብርሃን አይተው አያውቁም፤ ሣሩን ምግብ የሚያደርጉላት ግን እነሱ ናቸው» አለው። «ዘይት ለእነሱ መርዝ ነው። ላለመሞት ሲሉ አጣመው ሌላ ያደርጉታል። ለውጠው ሳይጨርሱት ያመለጣቸው ነው ቅቤህ ውስጥ የሚገባው በጎ ነገር። አንተ ግን አሰጠምካቸው።»

ከዚያም የጎረቤት ላም ስታመነዥክ የምታኝከውን ግማሹን ከአፏ ነጥቆ፣ «ዘራቸው በዚህ ውስጥ አለ» ብሎ ትኩሱን በበሽተኛዋ ጉሮሮ ሰደደው። ሦስት ቀን እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ቀን ገበሬው ቢያዳምጥ፣ ከሩቅ አንድ ሹክሹክታ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። እየፈራም ቢሆን ከደስታው ብዛት አለቀሰ።

የኔታ ወደ ዘሥላሴ ዞሩ።

«እኔ የማስተምርህ ቃልም እንደዚያ ዘይት ነው፤ ማንም ሳይነካው ቢሞላብህ ያሰጥምሃል። ሲሳይ የሚያደርጉልህ እነዚያ የሚያጉረመርሙት ናቸው። ስለዚህ የለመንከኝን ጸሎት አልሰጥህም። ጸጥ ያለብህ ዕለት ግን ሮጠህ ና፤ ያን ጊዜ የእኔን ማጉረምረም ከአፌ አውጥቼ እሰጥሃለሁ።»